አንድ አረንጓዴ ቀለም በስክሪን፣ በካርድ፣ በባነርና በማሸጊያ ላይ ለምን ይለያያል?

ፒያሳ_ግራፊክስ (ጥያቄ አቅራቢ)

ጤና ይስጥልኝ። በሀዋሳ ከተማ የምሠራ ግራፊክ ዲዛይነር ነኝ። በአሁኑ ጊዜ የሲዳማ ቡናን ቆልቶና ፈጭቶ ለሚሸጥ አንድ ደንበኛ አርማ፣ ቢዝነስ ካርድ፣ የሱቅ ባነር፣ የሠራተኞች ቲሸርትና የቡና ማሸጊያ ከረጢት እያዘጋጀሁ ነው። ለአርማው ሁለት ቀለሞች መርጠናል፤ አንደኛው ደማቅ አረንጓዴ፣ ሁለተኛው የበሰለ የቡና ፍሬ ቀይ ነው። ቀዩ ብዙም አላስቸገረም። አረንጓዴው ግን በእኔ ኮምፒውተር አንድ፣ በደንበኛው ስልክ ሌላ፣ በካርዱ ላይ ደብዛዛ፣ በባነሩ ላይ ደግሞ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ሆኖ ወጥቷል። ካርዱና ባነሩ የታተሙት በተለያዩ ቤቶች ሲሆን ለሁለቱም የላክሁት ግን አንድ ዓይነት ፋይል ነው።

ደንበኛው ስልኩን ከካርዱ ጎን አስቀምጦ «የተስማማነው በዚህኛው ነው» እያለ ወደ ስልኩ ያመለክታል። ማተሚያ ቤቱ በበኩሉ ያተመው የተላከለትን እንደሆነ ይናገራል። ሁለቱም የሚሉት እውነት ይመስለኛል። ከረጢቱ ገና ስላልታተመና ብዛቱም ከፍተኛ ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት አንድ ነገር ልወቅ፦ እነዚህ ሁሉ ሲለያዩ «ትክክለኛው አረንጓዴ ይህ ነው» ተብሎ መነሻ የሚደረገው የትኛው ነው?

ኦፍሴት_ክፍል

አንድ ፋይል መላክና አንድ ቀለም መላክ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ፋይሉ የያዘው ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ቀለም የሚሆነው መሣሪያው ሲተረጉመው ነው። አርጂቢ የምንለው ስክሪኑ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ብርሃንን በምን መጠን እንዲያበራ የሚያዝ ቁጥር ነው፤ ሲኤምዋይኬ ደግሞ ማተሚያው ሲያን፣ ማጀንታ፣ ቢጫና ጥቁር ቀለምን በምን መጠን ወረቀት ላይ እንዲያሳርፍ ያዛል። ሁለት ስክሪኖች ወይም ሁለት ማተሚያዎች ያንኑ ትእዛዝ በአንድ ዓይነት መንገድ አይፈጽሙትም።

ይህን ክፍተት ለመድፈን እ.ኤ.አ. በ1993 አዶቢ፣ አፕልና ኮዳክ ከሚገኙባቸው ስምንት ኩባንያዎች የተቋቋመው ዓለም አቀፉ የቀለም ማኅበር የአይሲሲ ፕሮፋይል የሚባለውን አሠራር ዘረጋ። ፕሮፋይል ማለት የአንድ መሣሪያ ቁጥሮች ለሰው ዓይን ምን ዓይነት ቀለም እንደሚሆኑ የሚገልጽ ሰንጠረዥ ነው። ኮምፒውተሩ የስክሪኑን ቁጥር መጀመሪያ ላብ ወደሚባለው፣ ከመሣሪያ ነጻ ወደሆነ የቀለም መለኪያ ይለውጠዋል፤ ከዚያ ተነሥቶ የማተሚያውን ቁጥር ያሰላል። ፋይሉ ያለ ፕሮፋይል ከተላከ ግን ተቀባዩ ፕሮግራም የራሱን ግምት ይወስዳል፤ የሁለት ቤቶች ግምት ደግሞ አንድ የሚሆንበት ምክንያት የለም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያምታታውን ላንሣ። በፎቶሾፕ ውስጥ «አሳይን» እና «ኮንቨርት» የሚባሉ ሁለት ትእዛዞች አሉ። አሳይን ቁጥሩን ሳይነካ ትርጉሙን ይለውጣል፤ ስለዚህ የሚታየው ቀለም ይለወጣል። ኮንቨርት ደግሞ የሚታየውን ቀለም በተቻለ መጠን ለመጠበቅ ሲል ቁጥሩን ይለውጣል። ለሕትመት ሲዘጋጁ የሚፈልጉት በአብዛኛው ኮንቨርት ነው። አሳይን የሚያስፈልገው ፕሮፋይሉ ጠፍቶ የነበረና ምን እንደነበረ በእርግጠኝነት የምናውቀው ፋይል ሲያጋጥመን ብቻ ነው።

ወደ አረንጓዴው ስመለስ፣ የመረጡት ቀለም ከማተሚያ አቅም ውጪ ሳይሆን አይቀርም። በስክሪን ላይ አረንጓዴ ራሱን ችሎ የሚበራ ብርሃን ነው። በተለመደው ባለ አራት ቀለም ማሽን ውስጥ ግን አረንጓዴ የሚባል ቀለም የለም፤ ሲያንና ቢጫ ተደራርበው ይፈጥሩታል። የማተሚያ ቀለም ብርሃን አሳላፊ ስለሆነ ብርሃኑ ቀለሙን አልፎ ወረቀቱን ይመታል፤ ከወረቀቱ ሲመለስ ያንኑ ቀለም ዳግመኛ አልፎ ወደ ዓይናችን ይመጣል። በዚህ ደርሶ መልስ ውስጥ ብዙው ብርሃን ተውጦ ይቀራል። ቀዩ ያላስቸገረዎት ማጀንታና ቢጫ አንድ ላይ የሚሰጡት ቀይ ስክሪን ላይ ካለው የቡና ፍሬ ቀይ ብዙም ስለማይርቅ ነው። ወረቀቱም የራሱ ድርሻ አለው፤ ኮትድ (ላዩ ማለስለሻ የተቀባ) ወረቀት ቀለሙን ከላዩ ይይዘዋል፣ አንኮትድ (ያልተቀባው) ግን ይመጠዋል፤ የሕትመቱ ነጥቦች ይሰፋሉ፣ ድምቀቱም ይቀንሳል።

ስለዚህ ለጥያቄዎ የምሰጠው መልስ አጭር ነው። መነሻው ስክሪኑ አይሁን፤ ሊታተም በሚችል ወረቀት ላይ የታተመና ደንበኛው የፈረመበት ናሙና ይሁን። ስክሪኑ ወደ ናሙናው ሊወርድ ይችላል፤ ናሙናው ግን ወደ ስክሪኑ ሊወጣ አይችልም።

ካሜራ_ሐይቅ_ዳር

ከላይ በተሰጠው መልስ ብስማማም፣ የስክሪኑ ነገር በዚህ መታለፍ የለበትም፤ ምክንያቱም ደንበኛ የሚስማማው በመጀመሪያ ያየውን አይቶ ነው።

በፎቶግራፍ ሥራዬ በተደጋጋሚ የማየው ችግር የሞኒተር ብርሃን እስከ መጨረሻው ተከፍቶ መሠራቱ ነው። በዚህ ሁኔታ የተዘጋጀ ምስል ሲታተም ጨለማ ይመስላል፤ ጥፋተኛ ተደርጎ የሚወሰደውም ማተሚያ ቤቱ ነው። ለሕትመት የሚሠራበት ሞኒተር ከ80 እስከ 120 ካንዴላ በካሬ ሜትር ያህል ብርሃን ቢኖረው ይበቃል፤ ይህም ብዙዎች ከለመዱት በጣም የቀነሰ ነው። በተጨማሪም ማታ ማታ ስክሪኑን የሚያቢጨው የዓይን መከላከያ ቅንብር በሥራ ሰዓት መጥፋት አለበት። እሱ በርቶ የተመረጠ አረንጓዴ ጠዋት ላይ ሌላ ቀለም ነው።

ስልክን በተመለከተ፣ አዳዲስ ስልኮች ኤስአርጂቢ ከሚባለው የተለመደ የቀለም ክልል ሰፋ ያለ ቀለም ማሳየት ይችላሉ፤ ብዙዎቹም ከፋብሪካ ሲወጡ ቀለምን በሚያደምቅ ቅንብር ላይ ናቸው። ኤስአርጂቢ ኤችፒና ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ1996 ያቀረቡት፣ በ1999 ዓለም አቀፍ ደረጃ የሆነ ክልል ሲሆን፣ ፕሮፋይል የሌለው ምስል በድረ ገጽ ላይ ሲገኝ በአብዛኛው በእሱ ይተረጎማል። ስለዚህ ለስክሪን የሚሆነውን አርማ በኤስአርጂቢ ማውጣትና ፕሮፋይሉን አብሮ ማስገባት ከሁሉ የተሻለ ነው። የደንበኛው ስልክ ቅንብር «ተፈጥሯዊ» ወደሚለው ከተለወጠ ከክርክሩ ግማሹ እዚያው ያልቃል።

አንድ ነገር ልጨምር። ደንበኞች የታተመውን ካርድ በስልክ አንሥተው በቴሌግራም ይልኩና «ይኸው ተመልከት» ይላሉ። የስልክ ካሜራ በሱቁ አምፖል ሥር ነጩን በራሱ ግምት ያስተካክላል፤ ድምቀትም ይጨምራል። እንዲህ ባለው ፎቶ ስለ ቀለም መከራከር ለማንም አይጠቅምም። ካርዱን በአካል አምጥቶ በቀን ብርሃን ማየት ይገባል።

ባነር_ታቦር

የባነር ማሽን ኦፕሬተር እንደመሆኔ ባነሩ ወደ ሰማያዊ ያደላበትን ምክንያት ልገምት። የመጀመሪያው ጥርጣሬዬ የቢጫው ኖዝል (ቀለሙ የሚረጭበት ቀዳዳ) በከፊል ተደፍኖ እንደነበረ ነው። አረንጓዴ ከሲያንና ከቢጫ የሚሠራ በመሆኑ ቢጫው ሲቀንስ ቀለሙ ወደ ሲያን ይሸሻል። ሥራ ከመጀመሩ በፊት የኖዝል ፍተሻ ማተም ጥቂት ደቂቃ የማይወስድ ሥራ ነው፤ ይሁን እንጂ እንደ ፊቼ ጨምበላላ ያሉ በዓላት ሲቃረቡና ትእዛዝ ሲደራረብ በመጀመሪያ የሚዘለለው እሱ ነው። ሁለተኛው ጥርጣሬዬ በሪፕ ሶፍትዌሩ (ፋይሉን ለማሽኑ በሚተረጉመው ፕሮግራም) ውስጥ የተመረጠው የማቴሪያል ፕሮፋይል በማሽኑ ላይ ከተጫነው ባነር ጋር ያልተዛመደ መሆኑ ነው። ለስቲከር የተዘጋጀ ፕሮፋይል ለባነር አይሆንም። የባነሩ ነጭ ራሱ ከሻጭ ሻጭ ይለያያል፤ አንዳንዱ ሰማያዊነት አለው።

በፋይል አላላክ ላይ ግን ከኦፍሴት ክፍል ሰዎች ጋር አልስማማም። ብዙ ዲዛይነሮች ሁሉንም ነገር አስቀድመው ለኦፍሴት (በፕሌት ለሚሠራው የብዛት ሕትመት) ወደሚሆን ሲኤምዋይኬ ቀይረው ይልኩልናል። የእኛ ማሽን በጥሩ ስቲከር ላይ ሲያትም ከኦፍሴት የደመቀ ቀለም የማውጣት አቅም አለው፤ አስቀድሞ የተቀነሰ ፋይል ሲመጣልን ግን ያ አቅም ይባክናል። አርጂቢውን ከነፕሮፋይሉ ላኩልን፤ ቅየራውን ሪፑ ይሥራው።

ኦፍሴት_ክፍል

ወንድሜ፣ ስለ ፎቶግራፍ ከሆነ የተናገሩት ልክ ነው። ስለ አርማ ቀለም ስንነጋገር ግን ያ ተጨማሪ ድምቀት ራሱ ችግሩ ነው። ካርዱ ሊደርስበት የማይችለውን አረንጓዴ ባነሩ ላይ ካወጣን ሁለቱ ፈጽሞ አይገናኙም። ባነሩ አቅሙን ሁሉ እንዲያሳይ ሳይሆን የካርዱን አረንጓዴ እንዲመስል መታዘዝ አለበት።

በጽሑፍ ላይም መጠንቀቅ ይገባል። ጥቁር ጽሑፍ ያለበት የአርጂቢ ፋይል ወደ ሲኤምዋይኬ ሲቀየር ጥቁሩ ወደ አራት ቀለሞች ይበተናል። በኦፍሴት ላይ አራቱ ፕሌቶች (የየቀለሙ ማተሚያ ሰሌዳዎች) የፀጉር ክር ታህል ቢዛነፉ እንኳ በደቃቅ ፊደሎች ዙሪያ ባለ ቀለም ጥላ ይታያል፤ የአማርኛ ፊደላት ደግሞ ውስጣቸው ጠባብ ስለሆነ ቶሎ ይደፈናሉ። ስለዚህ በካርድና በብሮሸር ላይ ያለ ጽሑፍ መቶ በመቶ ጥቁር ብቻ ሆኖ መዘጋጀት አለበት። በሌላ በኩል በምስሎች ጥቁር ቦታዎች ላይ የአራቱ ቀለሞች ድምር በኮትድ ወረቀት ከ300 እስከ 330 በመቶ ካለፈ ሕትመቱ ቶሎ አይደርቅም፤ ከሥሩና ከላዩ ያለውን ወረቀትም ያቆሽሻል።

ባነር_ታቦር

ስለ ጽሑፉ ተቀብያለሁ። ስለ አረንጓዴው ግን አሁንም እከራከራለሁ። ባነር ከመንገድ ማዶ፣ በጠራራ ፀሐይ የሚታይ ነገር ነው፤ ከካርድ ጎን ተቀምጦ የሚያየው ሰው የለም። በካርዱ ልክ የደበዘዘ አረንጓዴ በዚያ ርቀት ላይ ግራጫ ይመስላል። እኔ ብሆን ትንሽ አደምቀዋለሁ፤ የቀለሙ ዓይነት ግን ወደ ሰማያዊም ሆነ ወደ ቢጫ እንዳይሸሽ አደርጋለሁ። ይህን ካልኩ ዘንድ፣ ውጭ የተሰቀለ ባነር ለዘለቄታው ቀለሙን ይጠብቃል ብሎ ቃል የሚገባ ሰው አያምኑት። ፀሐይ ቢጫውንና ማጀንታውን ቀድማ ታጠፋለች፤ በየመንገዱ የምናያቸው አሮጌ ማስታወቂያዎች ሰማያዊ የሚመስሉት ለዚህ ነው።

ነጋዴው

ይቅርታ አድርጉልኝና እናንተ ያጋነናችሁት ይመስለኛል። የጽሕፈት መሣሪያ መደብር አለኝ፤ የሕትመት ትእዛዝም እቀበላለሁ። በዚህ ከተማ ደንበኛ የሚጠይቀው ዋጋውንና የሚደርስበትን ቀን ነው። አረንጓዴው በትንሹ ቢለይ ማን ልብ ይለዋል? ናሙና፣ ፕሮፋይል፣ መለኪያ እያልን ወጪውን በማን ላይ ልንጭን ነው?

ኦፍሴት_ክፍል

ለአንድ ቀን ስብሰባ የሚሰቀል ባነር ከሆነ እርስዎ ልክ ነዎት፤ ማንም አይጨነቅበት። የኦፍሴት ዓለም አቀፍ ደረጃ ራሱ ፍጹም መመሳሰልን አይጠይቅም። በቀለም መለኪያ ውስጥ ዴልታ ኢ የሚባለው የልዩነት መጠን 1 አካባቢ ሲሆን የሠለጠነ ዓይን እንኳ ለመለየት ይቸገራል፤ ደረጃው ግን ለአራቱ ሙሉ ቀለሞች እስከ 5 ድረስ ይፈቅዳል። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ልዩነቱ የት ላይ ያስቸግራል የሚለው ነው።

በማሸጊያ ላይ ያስቸግራል። የመጀመሪያው ዙር ከረጢትና ከወራት በኋላ የታተመው ሁለተኛው ዙር በአንድ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ይቆማሉ። ገዢው ስለ ዴልታ ኢ ሰምቶ ባያውቅም፣ አንደኛው ደብዝዞ ሲያየው ቡናው የቆየ ወይም ተመሳስሎ የተሠራ ነው ብሎ ሊጠረጥር ይችላል። የናሙናውም ወጪ ቢሆን የማይሸጥ ከረጢት ከማስወገድ ያነሰ ነው።

የሦስተኛ_ዓመት_ተማሪ

ጋሼ ኦፍሴት ክፍል፣ ውይይታችሁን በጥሞና እየተከታተልኩ ነው። የሞኒተር መለኪያ መሣሪያ መግዛት ለማንችል ተማሪዎችና ጀማሪዎች ምን ማድረግ ይቻላል?

ካሜራ_ሐይቅ_ዳር

ጋሼ ከመመለሳቸው በፊት ስለ መሣሪያው እኔ ልበል። ሞኒተር በወር አንድ ጊዜ ያህል ቢለካ ይበቃል፤ ስለዚህ መለኪያው አብዛኛውን ጊዜ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ የሚውል ዕቃ ነው። በአንድ ከተማ ያሉ ጥቂት ስቱዲዮዎች አዋጥተው አንድ ቢገዙና በየተራ ቢጠቀሙበት ለሁሉም ይደርሳል። ከመለካትዎ በፊት ሞኒተሩ ለግማሽ ሰዓት ያህል በርቶ ይቆይ።

ኦፍሴት_ክፍል

ያለ መሣሪያም ብዙ መሥራት ይቻላል። በአንድ ገጽ ላይ ከሚፈልጉት አረንጓዴ አቅራቢያ ያሉ ብዙ ካሬዎችን ይደርድሩ፤ በአግድም ሲያኑ በ5 በ5 በመቶ ይጨምር፣ በቁልቁል ቢጫው ይቀንስ፣ በሌላ ገጽ ላይ ደግሞ ጥቂት ጥቁር ይግባበት። ከእያንዳንዱ ካሬ ሥር ቁጥሩን ይጻፉ። ይህን ገጽ ሥራው በሚታተምበት ማሽንና በዚያው ወረቀት ላይ ያሳትሙት፤ ላሚኔሽን (ስስ የፕላስቲክ ሽፋን) የሚኖረው ከሆነ ናሙናውም ላሚኔት ይደረግ፤ ማት (የማያብለጨልጭ) ላሚኔሽን ቀለሙን ያለዝበዋልና። ከዚያ ደንበኛው በስክሪን ላይ ሳይሆን ከዚህ ገጽ ላይ ይምረጥ። የስክሪኑን ቁጥር ቀጥሎ ነው የሚፈልጉት፤ የተመረጠውን ካሬ ከሞኒተሩ ጎን ይዘው እስኪቀራረብ ድረስ ያስተካክሉታል።

ስለሚታይበት ብርሃን አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። በሙያው የታተመ ነገር የሚመዘንበት ዓለም አቀፍ ብርሃን ዲ50 የሚባል፣ 5000 ኬልቪን አካባቢ ያለ ነጭ ብርሃን ነው። እሱ ከሌለ እኩለ ቀን አካባቢ ቀጥተኛ ፀሐይ በማይገባበት መስኮት አጠገብ ማየት ይቻላል፤ ግድግዳው አረንጓዴ ወይም ቢጫ ቀለም የተቀባ ክፍል ግን አይሆንም። ሁለት አረንጓዴዎች በሱቅ አምፖል ሥር አንድ መስለው ደጅ ሲወጡ የሚለያዩበት ጊዜ አለ፤ በተለይ አንደኛው ወረቀት ሁለተኛው ጨርቅ ሲሆን። ስለዚህ በሁለቱም ብርሃን ሥር ይዩት።

ፒያሳ_ግራፊክስ (ጥያቄ አቅራቢ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ባነሩን ያተመው ቤት የኖዝል ፍተሻ አድርጎ ቢጫው በእርግጥም እንደተደፈነ አረጋግጧል፤ እንደገናም ሊያትምልኝ ተስማምቷል። የካርዱን አረንጓዴ በናሙና ገጽ እናስመርጣለን። የቀረኝ ከረጢቱ ነው። ደንበኛው ቡናማ ክራፍት ወረቀት የመሰለ ከረጢት ይፈልጋል፤ ሌላው አማራጭ ብርማ ፎይል ነው። በሁለቱም ላይ ያንኑ አረንጓዴ ማግኘት ይቻላል?

ኦፍሴት_ክፍል

በቀጥታ ከታተመ አይቻልም። ቀደም ሲል እንዳልኩት የማተሚያ ቀለም ብርሃን አሳላፊ ነው። በቡናማ ወረቀት ላይ ሲያንና ቢጫ ቢያርፉ ቡናማው ከሥር ይወጣና አረንጓዴው ወደ ወይራነት ይጠቁራል። በፎይል ላይ ደግሞ ከብረቱ ጋር አብሮ ያብለጨልጫል፤ ከአንድ አቅጣጫ ሲያዩት ብሩህ፣ ከሌላው ሲያዩት ጥቁር ይሆናል። መፍትሔው አረንጓዴው በሚያርፍበት ቦታ ሥር በመጀመሪያ ነጭ ቀለም ማሳተም ነው። በፋይሉ ውስጥ ነጩ ራሱን የቻለ ተጨማሪ ቀለም ሆኖ፣ በተለየ ስም መዘጋጀት አለበት፤ ጠርዙም ከአረንጓዴው በጥቂቱ ወደ ውስጥ ይግባ፤ አለዚያ ሕትመቱ ሲዛነፍ ነጭ መስመር ብቅ ይላል።

አታሚው ፈቃደኛ ከሆነ ደግሞ አረንጓዴውን በአራት ቀለም ከመሥራት ይልቅ አስቀድሞ በተቀመመ አንድ ቀለም ማሳተም ለማሸጊያ የተሻለ ነው። ቅይጡ አንድ ጊዜ ስለሚዘጋጅ ከዙር ዙር የሚኖረው ልዩነት ይጠባል፤ ከሲያንና ከቢጫ የማይገኙ ደማቅ አረንጓዴዎችንም መቀመም ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1963 የወጣው የፓንቶን መለያ ሥርዓት ዋና ጥቅሙ ይህ ነው፤ ሀዋሳ ያለው ዲዛይነርና ሌላ አገር ያለው የከረጢት አታሚ በአንድ ቁጥር ይግባባሉ። ቁጥሩን ሲጠቅሱ ለኮትድ ይሁን ለአንኮትድ አብረው ይግለጹ፤ አንዱ ቁጥር በሁለቱ ወረቀቶች ላይ የተለያየ መልክ አለው። ቁጥሩን ከስክሪን ላይ ሳይሆን ከታተመው የናሙና መጽሐፍ ይምረጡ፤ አሮጌ መጽሐፍ ከሆነም ገጾቹ በዕድሜና በብርሃን ስለሚለወጡ አይመኑት። እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ አዶቢ አብዛኞቹን የፓንቶን ዝርዝሮች ከፕሮግራሞቹ ስላወጣቸው፣ የላብ ቁጥሩንም በጽሑፍ ይያዙ።

ፒያሳ_ግራፊክስ (ጥያቄ አቅራቢ)

ከደንበኛው ጋር ተነጋግረን ክራፍት መሰሉን ከረጢት፣ ከአርማው ሥር ነጭ ታትሞበት እንዲሆን ወስነናል። የናሙናውን ገጽ በሦስት ቅጂ አሳትመን የተመረጠው ካሬ ላይ ምልክት አድርገን፣ ከጀርባው ቀኑን፣ ማሽኑንና የወረቀቱን ዓይነት ጽፈን ፈርመናል፤ አንዱ ከደንበኛው፣ አንዱ ከማተሚያ ቤቱ፣ አንዱ ከእኔ ዘንድ ይቀመጣል። ደንበኛው የመረጠው አረንጓዴ ስልኩ ላይ ከነበረው ጠቆር ያለ ነው፤ ለማኅበራዊ ገጾቹም ያንኑ የሚመስል እንድሠራለት ጠይቆኛል። ስለ ባነሩ የጋሼንና የባነር ታቦርን ክርክር ነገርኩት፤ እሱም በጥቂቱ እንዲደምቅ መርጧል። ቲሸርቱን ሰብሊሜሽን (ቀለምን ከወረቀት ወደ ጨርቅ በሙቀት የሚያሸጋግር ሕትመት) በሚሠራ ቤት ልናሳትም ነው፤ የመጀመሪያ ሙከራ የታተመበትን ወረቀት ሳየው ግን አረንጓዴው እጅግ የደበዘዘ ሆነብኝ።

ባነር_ታቦር

ወረቀቱን አይተው አይፍረዱ። የሰብሊሜሽን ቀለም ትክክለኛ መልኩን የሚይዘው በሙቀት ፕሬስ ወደ ጨርቁ ሲገባ ነው፤ ወረቀቱ ላይ ሁልጊዜም ደብዛዛ ነው። ጨርቁ ነጭ ፖሊስተር መሆኑን ያረጋግጡ፤ በጥጥ ላይ ቀለሙ አይይዝም፣ ታጥቦም ይለቃል። ጥጥ የግድ ከሆነ ነጭ ቀለም ከሥሩ ወደሚያትመው ዲቲኤፍ (በፊልም ላይ ታትሞ ወደ ጨርቅ የሚሸጋገር ሕትመት) ወይም ወደ ስክሪን ሕትመት ይሂዱ። የፕሬሱ ሙቀትና ደቂቃም ቀለሙን ስለሚለውጥ፣ ሙከራውም ሆነ ዋናው ሥራ በአንድ ቅንብር ይሠራ። ከተፈረመበት ካሬ ጋር የሚያወዳድሩት ቲሸርቱ ከፕሬስ ወጥቶ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው።